የመምህራችን የሕይወት ታሪክና እኛ የተማርንበት ስሕተት



ለዚህ እትም የተሰጠን ርእስ «አረጋውያንን ስለ ማክበር» የሚል ነበር። በዚህ ርእስ ብዙ ያማረ ቃል መደርደር ይቻላል። ነገር ግን እዚሁ ሲሬ እኛው ራሳችን የሠራነው አንድ ስሕተት ስላለ፣ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ ከምንሄድ እርሱን ገልጠን ብንናገር ይሻላል ብለን ተስማማን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል ትምህርት ነው፤ በከፊል ደግሞ ኑዛዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህራችን በሌሊት ዐረፉ። ስማቸውን እዚህ አልጻፍንም። የሲሬ ሰው ያውቃቸዋል፤ የማያውቃቸው አንባቢ ደግሞ በየሰፈሩ ያሉትን አንድ ሽማግሌ መምህር እያሰበ ያንብብ። ገና ሳይነጋ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። የዕድሩ ሽማግሌዎች እኛን ጠሩንና፣ «እናንተ ፊደል የቈጠራችሁ ናችሁ፤ ሁላችሁም የእሳቸው ተማሪዎች ናችሁ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነውና የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉልን» አሉን። እኛም ደስ አለን፤ መከበር መስሎን ነበርና።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ስንቀመጥ ግን የምንጽፈው ጠፋን። ባለቤታቸውን እንዳንጠይቅ ሐዘን ላይ ናቸው፤ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባና ከአዳማ ገና በመንገድ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ከአንድ ዘመዳቸው የጡረታ መታወቂያቸውን ተቀብለን፣ ከዚያ ላይ የትውልድ ዘመናቸውን ገለበጥን። የተማሩበትን፣ ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ብዛት፣ የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ቍጥር ጨመርንበት። «ታታሪ፣ ታጋሽ፣ ሰው አክባሪ፣ ለአገርና ለወገን የቆሙ ነበሩ» ብለን ዘጋነው። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ከፍትሐቱ በኋላ ጽሑፉ ተነበበ። ሕዝቡ ዝም ብሎ አዳመጠ። አንባቢያችን ወረቀቱን አጥፎ ሊወርድ ሲል ከሕዝቡ መካከል አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገበሬ እጃቸውን አነሡ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነበር የተናገሩት። «ልጆቼ፣ ያነበባችሁት ጥሩ ነው። ነገር ግን በርሲሳ ኬኛ፣ መምህራችን፣ በዚህ ወረቀት ውስጥ የሉም። ይህን ወረቀት ስሙን ለውጣችሁ ለእኔም ልታነቡት ትችላላችሁ» አሉ።

ከዚያም ራሳቸው ተረኩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እኒህ አዛውንት ሚስት አግብተው ልጅ የወለዱ ጐልማሳ ነበሩ። ከልጅ ጋር ተቀምጠው «ሀሁ» ማለት አፈሩ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ማታ ማታ ፋኖስ ይዘው እስከ ቤታቸው ይመጡ ጀመር። በዚያ ዘመቻ ኦሮምኛም በግዕዝ ፊደል ይሰጥ ስለ ነበር በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አስጀመሯቸው። በሦስተኛው ወር ገበሬው የኩንታላቸውን ደረሰኝ ራሳቸው አነበቡ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚዛን ላይ ያታለለኝ ሰው የለም። መምህሩ ግን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ሲያወሩ አልሰማሁም» ብለው ተቀመጡ።

ከእሳቸው በኋላ ሌላ ተነሣ፤ ከዚያም ሌላ። ዝናብ ሊጥል ደመናው ስለ ከበደ ሽማግሌዎቹ «ይብቃ» እስኪሉ ድረስ ሰው አላቆመም። እኛ በሐፍረት አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ጋር ስምንት ዓመት በአንድ ክፍል የተቀመጠ ከመካከላችን ነበረ። በራቸው ላይ በየቀኑ የሚያልፍም ነበረ። ጠይቀናቸው ግን አናውቅም።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው። ሰውን ማየትና ሰውን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህርን ሁላችንም እናያለን፤ ጠዋት ጠመኔ ይዞ ሲገባ፣ ማታ ደብተር ታቅፎ ሲወጣ። የምናየው ግን የሕይወቱን አንድ ፊት ብቻ ነው።

በሠልስቱ ማግሥት ተሰብስበን ተነጋገርን። ለአርባቸው ሌላ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ፣ በዚህ ጊዜ ግን በጥያቄ እንድንጀምር ወሰንን። ሁለት ሁለት ሆነን ተከፋፈልንና ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አብረዋቸው ያስተማሩትን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ጎረቤቶቻቸውንና የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ጠየቅን። ከሰማነው ጥቂቱን እናካፍላችኋለን።

ስለ ቤተሰብ አባትነታቸው። ሴት ልጃቸው የነገሩን ይህን ነው። የደመወዝ ቀን ማታ አባታቸው ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል። እናትየው፣ አባትየውና ለነገሩ የደረሱት ልጆች ይቀመጣሉ። ይህ ለጤፍ፣ ይህ ለቤት ኪራይ፣ ይህ ለዕድር፣ ይህ ለደብተር እየተባለ ይከፈላል። ከሁሉ በኋላ የምትተርፈው ጥቂት ብር የእናትየው ናት፤ ምን እንዳደረጉባት አይጠየቁም። «ድህነት ምን እንደ ሆነ የተማርሁት ከዚያ ጠረጴዛ ነው፤ ድህነት እንደማያሳፍር የተማርሁትም ከዚያው ነው» አሉን።

ወንድ ልጃቸው ደግሞ ሌላ ነገሩን። በአባቱ ክፍል ገብቶ ሲማር በትምህርት ቤት «አባዬ» ማለት ክልክል ነበር፤ «መምህር» ብሎ ይጠራ ነበር። በአንድ ፈተና በሁለት ነጥብ ወደቀ። ሁለት ነጥብ ለአባት ምን ይከብዳል? አልጨመሩለትም። ነገር ግን የዚያን ቀን ማታ ከራት በኋላ መብራቱን ወደ እርሱ አስጠግተው፣ የወደቀበትን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረውት አነበቡ። «በቀን መምህር ነበሩ፤ በማታ አባት ነበሩ። ሁለቱን አልቀላቀሉብኝም» አለን።

ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ታመው በተኙበት ዓመት መምህሩ ውኃ ራሳቸው ይቀዱ፣ ልጆቹን ራሳቸው ያጥቡ ነበር። ወንድ፣ ያውም መምህር፣ ውኃ ተሸክሞ ሲታይ ሰፈሩ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን ያንን መንገድ አልቀየሩም፤ በተማሪዎቻቸው ፊት ያልፉ ነበር። ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ ሰው፣ «ሚስቴ ስትወልድ ውኃ ለመቅዳት ያላፈርሁት እሳቸውን አይቼ ነው» ብለውናል።

ቤታቸው ከልጆቻቸው ሌላ ሰው አያጣም ነበር። ከገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ቆሏቸውንና ዳቧቸውን በከረጢት ይዘው ቤት ተከራይተው እንደሚማሩ ታውቃላችሁ። ኪራይ ያጣው በመምህሩ ጓዳ ያድር ነበር። ስንቱ እንዳደረ የቈጠረ የለም። ባለቤታቸውን ብንጠይቃቸው፣ «ምንጣፉን ነበር የምቈጥረው» ብለው ፈገግ አሉ።

ሁሉም ነገር ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ ይህንም ልንሸሽግ አልወደድንም። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ያላጠፋውን ጥፋት አጥፍተሃል ተብሎ በክፍል ፊት በአርጩሜ መገረፉን ነገረን። በዚያ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነገር ነበር። ሆኖም ታሪኩ እዚያ ላይ አያልቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ መምህሩ ጡረታ ወጥተው ሳሉ ገበያ ላይ ተገናኙ። ሽማግሌው ቆመው፣ «ያን ቀን የመታሁህ በስሕተት ነበር። እውነቱን ያወቅሁት በሳምንቱ ነው፤ ነገር ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ኰራሁ። ዛሬ ይቅር በለኝ» አሉት። ሰውየው ይህን ሲነግረን ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በቀብሩ ቀን ከተነበበው ገጽ ይልቅ ይህ አንድ ነገር መምህሩን ትልቅ አድርጎ አሳየን።

ስለ ጡረታቸው ደግሞ ባለቤታቸው የነገሩን አለ። በአገራችን የመንግሥት መምህር ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። በጡረታቸው ማግሥት ሰኞ ጠዋት መምህሩ እንደ ወትሮው ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሡ፤ ኮታቸውን ለበሱ፤ ወጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ተነሥቶ እጅ ነሣ። እሳቸው ግን አልገቡም። ጥቂት ቆመው የሰንደቅ ዓላማውን መዝሙር ሰምተው ተመለሱ። ባለቤታቸው ምንም ሳይጠይቁ ቡና አፈሉ። ሳምንት ሳይሞላ በበረንዳቸው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ ማታ ማታ ማንበብ የከበደው ልጅ እየመጣ ይቀመጥበት ጀመር። ከእኛም መካከል በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ አለ። ወንበሩ ለምን እንደ ተሠራ ግን እስከ አርባቸው አላወቀም ነበር።

አሁን ዐይናችንን ከሲሬ ትንሽ ወጣ እናድርግ።

ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ በቆጂን እናገኛለን። በዚያ አንድ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ስማቸው ስንታየሁ እሸቱ ነው። ልጆችን በብርዱ ጠዋት በሜዳና በጫካ ውስጥ እያሮጡ አሠለጠኑ። ከእሳቸው እጅ ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ከበቆጂ የተነሡ ናቸው። ዓለም ሯጮቹን ያውቃል፤ መምህሩንስ እንዴት አወቀ? ጠያቂዎች ወደ በቆጂ ሄደው እዚያው ሜዳ ላይ ስላገኟቸው ነው። በ2004 ዓ.ም. ስለ በቆጂ ሯጮች የተሠራ ፊልም ወጣ፤ መምህሩም በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። በሕይወት ሳሉ ተጠየቁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ጋሽ አስፋው የምሩ ናቸው። በቡልጋ ተወልደው ገና በልጅነታቸው፣ በዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ፣ ብቻቸውን ወደ አዲስ አበባ መጡ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከጎዳና ልጆች ጋር አደሩ። በኋላ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የመማር ዕድል አገኙ። ይህን ዕድል ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። በ14 ዓመታቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ተማሪ ሳሉ፣ የጎዳና ልጆችን ሰብስበው በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ ጥላ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተወለደ። በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ የድሃ ልጆች ሳይከፍሉ ተማሩበት። ልጅን መምታት በዚያ ትምህርት ቤት አይፈቀድም ነበር። በ1993 ዓ.ም. ልጆች በድምፃቸው የሚመርጡትን ዓለም አቀፍ የሕፃናት ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። የእሳቸው ታሪክ ዛሬ የሚነገረው ሜዳልያ ስላገኙ ብቻ አይደለም። ዛፉን፣ ረኃቡን፣ ብርዱን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ጠይቆ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው።

የሲሬው መምህራችን እንደ እነዚህ ሁለቱ ስማቸው በዓለም አልተሰማም። ይሁን እንጂ ፋኖሱ፣ ጠረጴዛውና አግዳሚው ወንበር ከዛፉ ጥላና ከበቆጂ ሜዳ የሚያንሱ አይደሉም። ልዩነቱ ያለው ጠያቂ ማግኘትና አለማግኘት ላይ ነው። ጠያቂ መሆን የነበረብን ደግሞ እኛ ነበርን።

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ስሕተት ያገኘነውን ትምህርት በአጭር በአጭሩ እንዘርዝረው።

አንደኛ፤ ሰውን በቁሙ ጠይቁ። ሙት አይጠየቅም። ሐዘንተኛም በሐዘኑ ቀን አይጠየቅም። አረጋዊን «ልጽፍልዎ ነው» ብላችሁ አታስፈራሩ፤ ቡና ላይ ተቀመጡና «በመጀመሪያው የሥራ ቀንዎ ምን ለብሰው ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ትንሽ ጥያቄ ትልቅ በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፤ ከአንድ ሰው በላይ ጠይቁ። ሚስት የምታውቀውን የሥራ ባልደረባ አያውቅም፤ ባልደረባ የሚያውቀውን ልጅ አያውቅም፤ ዘበኛው የሚያውቀውን ሦስቱም አያውቁም። በተለይ የትዳር ጓደኛን አትዝለሉ። እኛ በመጀመሪያው ገጻችን ላይ የባለቤታቸውን ነገር «ባለትዳር ነበሩ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነበር ያለፍነው። የእንግዳ ምንጣፍ ሲዘረጉ የኖሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛ፤ ቅጽልን ትታችሁ ሥራን ጻፉ። «ደግ ነበሩ» ማለት ለማንም ይሆናል። «ፋኖስ ይዘው ማታ ይመጡ ነበር» ማለት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ አዛውንት ገበሬ ያስተማሩን ይህን ነው።

አራተኛ፤ ዘመኑን አመሳክሩ። በመታወቂያ ላይ ያለው የልደት ዘመንና ቤተሰብ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የምደባና የዝውውር ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ በፎቶግራፍ ጀርባ የተጻፈ ቀን ሁሉ ይረዳል። ሽማግሌ ዓመቱን ባያስታውስ «ከመሠረተ ትምህርቱ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያስታውሳል።

አምስተኛ፤ ያልተባለውን አትጨምሩ፤ ጥፋትን ደግሞ በጭካኔ አትግለጡ። ይቅርታ የተጠየቀበት ጥፋት የሰውየው ክብር ነው። ቢሆንም ከመነበቡ በፊት ቤተሰቡ ይስማውና ይፍቀድ። እኛም የአርጩሜውን ነገር ያነበብነው ባለቤታቸው «እውነት ከሆነ ይነበብ» ካሉ በኋላ ነው።

ስድስተኛ፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝገብ አስቀምጡ። ወረቀት በአንድ ቤት ብቻ ከኖረ ዝናብና አይጥ ይወርሱታል።

ለመወያያ የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። በሰፈራችሁ ጡረታ የወጡ መምህራን ስንት ናቸው? ከእነርሱ መካከል በዚህ ዓመት ቤታቸው ገብታችሁ የጠየቃችኋቸው አሉ? አባታችሁና እናታችሁ እንዴት እንደ ተገናኙ፣ የመጀመሪያ ቤታቸው የት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በስብሰባችን ላይ ግን ከዐሥራ ሰባታችን የመለስነው አምስት ብቻ ነን።

የቤት ሥራችንም ይህ ነው። እስከሚቀጥለው እትም ድረስ እያንዳንዱ ቡድን አንድ በሕይወት ያሉ አረጋዊ መምህርን ይጐብኝ። በባዶ እጅ አትሂዱ፤ ቡናና ስኳር ይበቃል። የሰማችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ፤ መልሳችሁም ለራሳቸው አንብቡላቸው። የሕይወት ታሪክ በመቃብር ላይ ብቻ የሚነበብ ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። ባለ ታሪኩ ራሱ ሊሰማው፣ «ይህስ እንዲህ አይደለም» ብሎ ሊያርመው ይገባል።

በመጨረሻ የአርባውን ነገር ነግረናችሁ እንሰናበት። ጠበል ጻዲቁ ከቀመሰ በኋላ አዲሱን ጽሑፍ በድንኳኑ ውስጥ አነበብነው። በዚህ ጊዜ ስድስት ገጽ ሆኖ ነበር። ያ አዛውንት ገበሬ ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ልጆቻቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ የማያውቀውን ሌላው ነግሮን ነበርና። ስለ ውኃው ያለበት ቦታ ስንደርስ «በእንስራ እየቀዱ» ብለን አነበብን። የመምህሩ ባለቤት ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «በእንስራ አይደለም ልጆቼ፣ በጀሪካን ነው። እንስራ መሸከም ሞክሮ ሰብሮብኛል» አሉ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከሞታቸው ወዲህ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

ወዲያው እስክሪብቶ አውጥተን «እንስራ» የሚለውን ሰርዘን «ጀሪካን» ብለን ጻፍን። ይህን እርማት መምህራችን ራሳቸው ቢሰጡን ኖሮ ምንኛ ባማረ ነበር። እሳቸው ዛሬ የሉም። ሌሎቹ ግን አሉ፤ በየበረንዳቸው ተቀምጠዋል። ሄደን እንጠይቃቸው።

ይቆየን።